ሳምንታት የሚያስተኛው ሕመምና የጨው ዘመዱ መድኃኒት

በ1817 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስዊድናዊው ወጣት ኬሚስት ዮሃን ኦገስት አርፍቬድሶን ከኡቶ ደሴት የመጣ ድንጋይ ሲመረምር ሒሳቡ አልገጥም አለው። ከድንጋዩ የለያቸውን ነገሮች መዝኖ ሲደምር ከጠቅላላው ክብደት ያንሳሉ። ደገመው፤ አሁንም ጎደለ። ሥራውን ይሠራ የነበረው በታዋቂው ኬሚስት በበርዜሊየስ ቤተ ሙከራ ነበርና ጉድለቱን በስህተት አሳቦ ማለፍ አልተቻለም። በመጨረሻ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር የሚዛመድ፣ ከሁለቱም ግን የተለየ አዲስ ንጥረ ነገር ተገኘ። ሊቲየም ተባለ።

የእንቅልፍ ሕመም ታሪክ ውስጥ ድንጋይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሥ። ዛሬ ሊቲየም ክላይን ሌቪን ሲንድሮም ለሚባል እጅግ ብርቅ ሕመም ሐኪሞች አስቀድመው የሚያስቡት መከላከያ ነው። ሕመሙ በአብዛኛው ወጣቶችን ይይዛል፤ ሲመጣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ያስተኛል፣ ሲሄድ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ አድርጎ ይለቃል። ከወራት በኋላ ግን ይመለሳል። የሚይዘው ከ1 ሚሊዮን ሰው ከ1 እስከ 5 የሚሆነውን ብቻ እንደሆነ ይገመታል። በአፋር፣ በዱብቲና በሰመራ ለሚኖር አንባቢ ደግሞ መድኃኒቱ ሌላ ትርጉም አለው። ሊቲየም የጨው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኩላሊት ከሶዲየም አጥርቶ አይለየውም። የኢትዮጵያ ገበታ ጨው ከአፍዴራ ሐይቅ በሚዛቅበት፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ በላብ ጨው በሚያጣበት ክልል የመድኃኒቱ ጥቅምም አደጋውም የሚወሰነው በዚህ ዝምድና ነው።

የመጀመሪያዎቹ የሊቲየም ታካሚዎች የሪህ ሕመምተኞች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሊቲየም ሪህ የሚያመጣውን የዩሪክ አሲድ ክምችት እንደሚያሟሟ ጻፈና መድኃኒቱን በአፍ እንዲወሰድ መከረ። ሐሳቡ በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ እውነት ነበር። በሰው ገላ ውስጥ ግን ያን ያህል ለማሟሟት የሚበቃው መጠን ሰውየውን ይመርዘዋል። ቢሆንም ሊቲየም ያለበት ውኃ በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ደራ፤ ሁሉን ይፈውሳል ተባለለት። በ1929 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበውና ኋላ ሰቨን አፕ የተባለው ለስላሳ መጠጥ ሳይቀር እስከ 1948 ድረስ ሊቲየም ነበረበት።

እንቅልፉ ወደ ታሪኩ የሚገባው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር ነው። በ1917 ቪዬና ውስጥ ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ የተባለ የነርቭ ሐኪም አእምሮን የሚያቆስልና ሕመምተኛውን እንቅልፍ ውስጥ የሚከት አዲስ ወረርሽኝ መዘገበ። ወረርሽኙ ለዐሥር ዓመት ገደማ ዓለምን አዳርሶ ጠፋ። ብዙ ገደለ፤ ከሞት የተረፉትንም እንደ ሐውልት አድርቆ ያስቀረበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች እንቅልፋም ታካሚ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ወረርሽኝ ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም።

የፍራንክፈርቱ ሐኪም ቪሊ ክላይን ግን በ1925 ከዚህ ጋር የማይሄዱ ሕመምተኞችን ሰብስቦ አቀረበ። አምስት ነበሩ። እንቅልፋቸው ይመጣል፣ ይቆያል፣ ይሄዳል፤ ከሄደ በኋላ ጤነኞች ናቸው። ከመካከላቸው እንቅልፉ በመጣ ጊዜ ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ ነበሩበት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማክስ ሌቪን በ1929 ስለ ሕመም እንቅልፍ ባወጣው ጽሑፍ ተመሳሳይ ሁኔታ ገለጸ። በ1936 ወደ ጉዳዩ ተመልሶ ተመላላሽ እንቅልፍና ከልክ ያለፈ ረሃብ አንድ ላይ ሲታዩ ራሱን የቻለ አዲስ ሕመም ነው ብሎ ተከራከረ። በ1942 ለንደናዊው የነርቭ ሐኪም ማክዶናልድ ክሪችሊ ከባልደረባው ከሆፍማን ጋር ሆኖ የሁለቱን ስም አጋጠመና ሕመሙ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን መጠሪያ ሰጠው።

ስም ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ስም የሌለው ሕመም በየአገሩ የሚሰጠው ፍርድ ተመሳሳይ ነው፦ ስንፍና፣ ማስመሰል፣ እብደት፣ ወይም የመንፈስ ሥራ። እኛም ዘንድ ለሦስት ሳምንት ያለማቋረጥ የተኛ ልጅ ቢገኝ ጎረቤት «ለክፎት ነው» ማለቱ አይቀርም። ልጁ በነቃባት በዚያች አጭር ሰዓት የሚያሳየው ጠባይ ደግሞ ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል። በቀን 15፣ 18፣ አንዳንዴም ከ20 ሰዓት በላይ ይተኛል። ለምግብና ለሽንት ብቻ ይነሣል። ሲቀሰቅሱት ይቆጣል። ቃሉ ያንሳል፤ ወይም እንደ ሕፃን ይናገራል። ዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ በሕልም ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ የእናቱን ፊት እያየ እውነት መሆኗን ይጠራጠራል። ድምፅና ብርሃን ይከብዱታል። ከሕመሙ በፊት ጨዋ የነበረ ልጅ የሚያሳፍር ነገር ሊናገር ወይም ሊያደርግ ይችላል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ይነቃና ትምህርት ቤት አረፈድኩ ይላል። ስላለፉት ሳምንታት ቢጠየቅ የሚያስታውሰው ቁርጥራጭ ነው።

አውሮፓ ሕመሙን በምትሰይምበት በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና የሚባለው በአዲስ አበባ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተመሠረተው በአማኑኤል ሆስፒታል ዙሪያ የታጠረ ነበር። ከዚያ ውጪ ያለው አገር ሁሉ በጠበል፣ በዱዓና በባህል አዋቂ እጅ ነበር።

ቀጣዩ ምዕራፍ ሜልበርን ውስጥ ነው። ጆን ኬድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲንጋፖር ላይ በጃፓኖች ተማርኮ በቻንጊ ካምፕ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያሳለፈ አውስትራሊያዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ከጦርነቱ በኋላ በቡንዱራ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ተመደበ። ከልክ ባለፈ ደስታና ግለት የሚታመሙ ሰዎች ደማቸው ውስጥ የሚመርዝ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብሎ አሰበና፣ አገልግሎት ባቆመ የዕቃ ክፍል ውስጥ የሕመምተኞችን ሽንት ለጊኒ ፒጎች እየወጋ ይሞክር ጀመር። ጊኒ ፒግ ጅራት የሌላት፣ አይጥ መሰል የቤተ ሙከራ እንስሳ ናት። ለሙከራው ዩሪክ አሲድን የሚያሟሟ ጨው ሲፈልግ ያ የሪህ ዘመን ሊቲየም ትዝ አለው። ሊቲየም የወጋቸው እንስሳት ግን ያልጠበቀውን አሳዩት። በተፈጥሯቸው ድንጉጥ የሆኑት ጊኒ ፒጎች በጀርባቸው ሲያስተኛቸው ተፍጨርጭረው በመነሣት ፋንታ ፈዝዘው ያዩት ጀመር። ለሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት እንዲያ ይቆያሉ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንስሳቱ የረጉት ተመርዘው ሊሆን ይችላል ብለዋል፤ ይህም ሚዛን ይደፋል።

ኬድ መድኃኒቱን መጀመሪያ ራሱ ላይ ሞከረ። በመጋቢት 1948 ደግሞ ለአምስት ዓመት ያለ ዕረፍት ሲለፈልፍ፣ ሲበጠብጥና ሲቆሽሽ ለኖረ የ51 ዓመት ሕመምተኛ ሰጠ። ሰውየው በሳምንታት ውስጥ ረጋ፤ በወራት ውስጥም ቤቱ ገብቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ደኅና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ሲያቆም ሕመሙ ተመለሰበት። በ1950 የዚህ የመጀመሪያው ታካሚ ሕይወት አለፈ፤ የገደለው የሊቲየም መመረዝ ነው። የመድኃኒቱ ታሪክ በሙሉ በዚህ አንድ ሰው ላይ ደርሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያዳነውም የገደለውም ያው ጨው ነው፣ ልዩነቱ የመጠን ነው።

ኬድ ውጤቱን በመስከረም 1949 አሳተመ። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ጨው ለተከለከሉ የልብ ሕመምተኞች ሊቲየም ክሎራይድ በጨው ምትክ ምግባቸው ላይ እንዲነሰንሱ ተሸጦ ሰዎች ሞተው ነበር። ከላይ ያነሣነው ዝምድና እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ጨው የማይበላ ሰው ገላው ሶዲየም ስለሚያጣ ኩላሊቱ ያገኘውን ሁሉ መልሶ ይይዛል። ሊቲየምን ሶዲየም መስሎት አብሮ ይይዘዋል። ገበታ ላይ እንደልብ ሲነሰነስ የዋለ ሊቲየም በማይወጣበት ገላ ውስጥ ይከማቻል። ያ ገበያ ተዘጋ፤ የሊቲየም ስምም አብሮ ረከሰ። ስሙን ያነሣው ዴንማርካዊው ሞገንስ ሾው ነው። በ1954 መድኃኒቱን ከማስመሰያ ጋር እያነጻጸረ ሞከረ፤ በደም ውስጥ ያለውን መጠን እየለኩ መስጠትን ልማድ ለማድረግም ዕድሜ ልኩን ለፋ። የአሜሪካ መንግሥት ሊቲየምን የፈቀደው በ1970 ነው።

በዚህ መካከል ዱብቲ ሌላ ታሪክ ውስጥ ነበረች። በ1961 ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበርን አቋቋመ። ግመልና ከብት ሲግጥበት የኖረው የታችኛው አዋሽ ሜዳ በቦይ ተከፋፈለ፤ ጥጥ ተዘራበት። ለለቀማ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ በዛ። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ወባውም ከመስኖው ውኃ ጋር ሰፋ። ከደጋ የመጣ ለቃሚ ደንዝዞና አልነቃ ብሎ ከተገኘ የመጀመሪያው ጥርጣሬ አንጎል ውስጥ የገባ ወባ፣ ቀጥሎም ማጅራት ገትር ወይም የሙቀት ምት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ዛሬም አልተለወጠም፣ መለወጥም የለበትም። ብርቅ ሕመም ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

በ1962 ክሪችሊ ወደ ሕመሙ ተመለሰ።  የራሱን 11 ሕመምተኞችና ቀደም ብለው የታተሙ 15 ታሪኮችን በአንድ ላይ አድርጎ 26 አቀረበ። በጽሑፉ መሠረት ሕመሙ የጉርምስና ዕድሜ ወንዶች ሕመም ነው፣ ከእንቅልፉ ጋር ያለ ልክ መብላት አለበት፣ ከዓመታት በኋላም ራሱ ይጠፋል። የመጨረሻው ነጥብ ለብዙ ቤተሰብ ተስፋ ሆኗል። ስለ ወንዶች ያለው ግን ጉዳት ሳያስከትል አልቀረም። አንድ ሕመም የወንድ ነው ተብሎ በመጽሐፍ ከተጻፈ፣ ስታንቀላፋ የመጣች ልጃገረድ ሌላ ስም ይወጣላታል። ከአርባ ዓመት በኋላ ሲቆጠር ከሦስቱ አንዷ ሴት ሆና ተገኝታለች።

አገር ቤት ደግሞ በ1967 በጋምቤላ፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው የአፍሪካ የእንቅልፍ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሰዎች ላይ ታወቀ። ሁለቱን ማደባለቅ ቀላል ስለሆነ እዚህ ላይ ይነሣ። የጋምቤላው ከጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። የዚያን ጊዜ መድኃኒቱ፣ አእምሮ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው፣ አርሴኒክ ያለበት ብርቱ መርፌ ነበር። ዝንቡ የሚኖረው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሸለቆዎች ስለሆነ የታችኛው አዋሽ ከዚህ ስጋት ውጪ ነው።

ሊቲየምና ተመላላሹ እንቅልፍ የተገናኙት በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ ነው። እስከዚያ ሐኪሞች የሚሰጡት አምፌታሚን የመሰሉ አነቃቂዎችን ነበር። አነቃቂ የተኛውን ልጅ ሊያነቃው ይችላል፤ ነገር ግን ዓይኑ ተከፈተ እንጂ አእምሮው አልጠራም፣ የሚቀጥለውን ዙርም አያስቀርም። ጃፓናውያኑ ሌላ ጥያቄ አነሡ። ይህ ሕመም ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ልክ ሊቲየም እንደሚያረጋው፣ ከልክ ያለፈ ደስታና ድብርት እንደሚፈራረቁበት የስሜት መዋዠቅ ሕመም። ታዲያ መመላለሱን እንደዚያው ቢገታውስ? በ1976 ኦጉራና ባልደረቦቹ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት፣ በ1977 ደግሞ አቤ የተባለ ሐኪም በአንድ የብሪታንያ መጽሔት፣ እየብቻቸው ሊቲየም የተመላላሽ እንቅልፍ ሕመምተኞቻቸውን እንደረዳ አጫጭር ሪፖርት አወጡ። ጊኒ ፒጎችን ያፈዘዘ መድኃኒት እንቅልፋሞችን ከእንቅልፍ ለመጠበቅ ታዘዘ።

ሁለት አጭር ሪፖርት ማስረጃ አይባልም። ሕመሙ በራሱ የሚሄድ ስለሆነ፣ መድኃኒት ተሰጥቶት የተሻለው ሁሉ ባይሰጠውም ይሻለው ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። በየአገሩ አንድ ሐኪም በዕድሜው አንድ ሕመምተኛ ቢያይ ነው፤ ሁለት ያየ ባለዕድል ነው። ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት እውቀቱ በየመጽሔቱ ተበታትኖ ቆየ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ጊዜ የጎደለው ሐኪሙ ራሱ ነበር። በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ከአዲስ አበባ ውጪ ያሉ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲከፍቱ ያስቻለው ይህ ነው። በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። የነርቭ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተከተለው በ2006 ነው። በቡታጅራ ዙሪያ የተደረገው ሰፊ ጥናት ደግሞ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ በገጠሩ ሕዝብ መካከል የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለባቸውን 315 ሰዎች ለየ። ሊቲየም የሚያስፈልገው ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ከአስፋልቱም ርቆ እንደሚኖር ያሳየው ይህ ነው።

የተበታተነውን ታሪክ የሰበሰበችው ፓሪስ ያለችው ኢዛቤል አርኑልፍ ናት። በ2005 ከ1962 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት በዓለም የታተሙ የ186 ሕመምተኞችን ታሪክ አንድ በአንድ አንብባ ከባልደረቦቿ ጋር ቆጠረች። ሕመሙ የጀመረበት ዕድሜ መካከለኛው 15 ነው። አንድ ዙር 10 ቀን ገደማ ይቆያል፤ በየሦስት ወር ተኩሉ ይመለሳል፤ በጠቅላላው 8 ዓመት ያህል ይዘልቃል። የሐሳብና የማስተዋል መዛባት 96 ከመቶው ላይ ታይቷል። ሌቪን ያለ ልክ መብላትን የሕመሙ ምልክት ቢያደርገውም፣ የአበላል መዛባት የታየው 80 ከመቶ ላይ ነው፤ አበላላቸው የማይለወጥም አሉ ማለት ነው። 38 ከመቶ በሚሆኑት ዙሩን የቀሰቀሰው ኢንፌክሽን ነበር። ስለ መድኃኒቱም መልስ ተገኘ፦ ሊቲየም ከተሰጣቸው 41 ከመቶው ዳግም አልተመለሰባቸውም፣ ምንም ካልተሰጣቸው ግን 19 ከመቶው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና የድብርት መድኃኒቶች ብዙም አልጠቀሙም።

በ2009 ግን ጠንካራ ሙከራዎችን ብቻ የሚቀበለው ኮክሬን የተባለው የገምጋሚዎች ማኅበር ጉዳዩን ሲመረምር አንድም በዕጣ ተከፋፍሎ የተደረገ ሙከራ አላገኘም። አርኑልፍና ባልደረቦቿ በ2015 ያሳተሙት ጥናትም ይህን ክፍተት ሙሉ በሙሉ አልሞላም፤ ሆኖም እስካሁን ካለው ሁሉ የጠነከረ ነው። 130 ሕመምተኞች ተከታተሉ። ሊቲየም የወሰዱት 71፣ ምንም ያልወሰዱት 49 ናቸው፤ ጥቂቶቹ ሌላ መድኃኒት ላይ ነበሩ። መድኃኒቱ በቀን 1,000 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ በደም ውስጥ የሚፈለገው ልክ በሊትር ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊሞል። በወሰዱት ላይ ዙሮቹ ካልወሰዱት ይልቅ አነሱ፣ አጠሩም። ግማሾቹ የጎንዮሽ ጉዳት ገጠማቸው፦ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ውኃ መጠማት፣ ተቅማጥ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ። መድኃኒቱን ማን ይውሰድ የሚለው በዕጣ አለመወሰኑን ሐኪም ሊረሳው አይገባም። ይሁንና ዙሮቹ ለሚበዙበት፣ ትምህርቱ ለተቋረጠበት ልጅ ሐኪሞች ዛሬ የሚያነሡት አማራጭ ይህ ነው። ዙሮቹ በዓመት አንዴ ብቻ ለሚመጡበት ግን ብዙ ጊዜ ምንም አለመስጠትና ቤት ውስጥ በሰላም መጠበቅ ይሻላል። ዙሩ ከተጀመረ በኋላ ሊቲየም አይረዳም፤ ከወር በላይ ለሚዘልቅ ዙር በደም ሥር የሚሰጥ ስቴሮይድ ተሞክሯል፣ በተለይ ቶሎ ሲጀመር።

ምክንያቱ ግን እስከ 2021 ጨለማ ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኢማኑኤል ሚኞና ከየአገሩ የተባበሩ ተመራማሪዎች የ673 ሕመምተኞችን ዘረመል ከ15 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ጤነኞች ጋር አነጻጽረው ትራንክ 1 ከተባለው ዘር አጠገብ ልዩነት አገኙ። ይህ ዘር ቀድሞም ከስሜት መዋዠቅ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። የልዩነቱ ተሸካሚ በሆኑት ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ሲወለዱ የገጠመ የወሊድ ችግር በዛ ብሎ ታየ። የጃፓናውያኑ ግምት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ማረፊያ አገኘ ማለት ይቻላል፣ ነገሩ ገና ብዙ ምርምር ቢቀረውም።

አሁን ዱብቲ ላይ ሊቲየም የሚታዘዝለት ልጅ፣ ለዚህም ሕመም ይሁን ለስሜት መዋዠቅ፣ ምን ይጠብቀዋል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣውና ኢትዮጵያም ቀድማ ከሞከረችው የጤና ጣቢያ መመሪያ ጀምሮ ያለው ቃል ግልጽ ነው፦ ሊቲየም የሚሰጠው የደም ምርመራ ባለበት ብቻ ነው። ከመጀመሩ በፊት ኩላሊትና ታይሮይድ ይታያሉ። ከዚያ ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ክኒኑን ማታ የሚውጥ ልጅ ጠዋት ምንም ሳይወስድ ላብራቶሪ ይቀርባል። እዚህ ላይ የላብራቶሪ ባለሙያው አንድ ነገር ካላስተዋለ ሁሉም ይበላሻል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው አረንጓዴ ክዳን ያለው ቱቦ ብዙ ጊዜ ሊቲየም ሄፓሪን አለበት። ደሙ በዚያ ከተቀዳ መሣሪያው የሚለካው የቱቦውን ሊቲየም ጭምር ነው፤ ምንም ያልወሰደ ሰው እንኳ የተመረዘ ይመስላል። ናሙናው አዲስ አበባ ድረስ የሚላክ ከሆነ ከሰመራ በሚሌ፣ በገዋኔና በአዋሽ አድርጎ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ውጤቱ እስኪመለስ ያለው ጊዜ በምልክት ይጠበቃል።

ምልክቶቹም አታላይ ናቸው። የሊቲየም መመረዝ የሚጀምረው በማስታወክ፣ በተቅማጥ፣ እጅን አጥብቆ በማንቀጥቀጥና እንደ ሰካራም በመንገዳገድ ነው። ከዚያ ንግግር ይተሳሰራል፣ ሰውየው ይፈዛል፣ ይተኛል። ቀድሞ ሦስት ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሲተኛ ያዩት ቤተሰቦቹ «ያ ሕመም ተመለሰበት» ብለው ዝም ቢሉ ማን ይወቅሳቸዋል? በእንዲህ ያለ ጊዜ ክኒኑን ማቆምና ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ማስታወኩና መንገዳገዱ ከተመላላሹ እንቅልፍ ይለዩታል። ትኩሳት ካለ ደግሞ ነገሩ ይደራረባል። ወባ ራሱ ሊያስተኛ ይችላል፣ ማስታወኩና ላቡ ሊቲየምን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ፣ ኢንፌክሽን ደግሞ አዲስ ዙር የሚቀሰቅስበት ጊዜ አለ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መጠርጠር ያስፈልጋል።

በላብ ጨው ከሚያሳጣው ሙቀት ሌላ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ጥቂት ነገር አለ። ከፋርማሲ ለራስ ምታትና ለወገብ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሊቲየም ከኩላሊት እንዳይወጣ ያግዳሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ የሽንት ክኒኖችም እንደዚያው ናቸው። ጨው በድንገት መቀነስም፣ በድንገት ማብዛትም መጠኑን ያዛባል፤ ስለዚህ የምግቡ ጨው እንደወትሮው ይሁን። ውኃ በእጅ ይያዝ። ክኒን ረሳሁ ተብሎም በእጥፍ አይዋጥም።

የጾሙም ጉዳይ አለ። በዱብቲ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፣ ረመዳንም በሙቀቱ ወራት ሊውል ይችላል። ስለዚህ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም በስሜት መዋዠቅ ሕመምተኞች ላይ ናቸው። በ2000 በሞሮኮ የተደረገው 20 ሕመምተኞችን ተከታትሎ 45 ከመቶው በጾሙ ወር ሕመሙ እንደተመለሰባቸው አገኘ። በ2010 በፓኪስታን ፔሻዋር 62 ሰዎችን የተከታተለው ደግሞ የሊቲየም መጠናቸው እንዳልተለወጠ አስታወቀ። ሐኪሙ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በጭፍን አይምልበትም። የሚሻለው ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ከልጁ፣ ከአባቱና ካስፈለገም ከሼኹ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ነው፤ እስልምና ሕመምተኛው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይፈቅድለታልና። ልጁ እጾማለሁ ካለ ደሙ ከጾሙ በፊት ይለካል፣ ክኒኑ ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል፣ ከመግሪብ እስከ ሱሑር ውኃ በርከት ተደርጎ ይጠጣል፣ በጾሙ ወር ውስጥም ደሙ እንደገና ይታያል። የሚያስታውክ ወይም የሚንገዳገድ ከሆነ ጾሙም ክኒኑም በዚያው ቀን ይቆማሉ።